«ሰብኣይ» ማለት ባል ብቻ አይደለም

በአንዲት ቃል ምክንያት ከኤርትራ የተሰደደች አንዲት ሴት የጥገኝነት ጥያቄዋን ውሳኔ ተጨማሪ ስምንት ወር ጠበቀች። ቃሏ «ሰብኣይ» ናት። በትግርኛ ወንድ ማለት ናት፤ ባል ማለትም ናት፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከአነጋገሩ ነው። ሴትዮዋ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቋ ድንበር ስላሻገራት አሻጋሪ ስታወራ «እቲ ሰብኣይ» አለች፤ «ሰውዬው» ማለቷ ነበር። ትግርኛን ከጎረቤት የለቃቀመው አስተርጓሚ «ባሌ» አለ። ጸሐፊው የሰማውን ጻፈ። በደረቅ ወንዝ ውስጥ በጩቤ አስፈራርቶ የደፈራት ሰው በወረቀት ላይ ባሏ ሆነ። በሁለተኛው ቀጠሮ «አላገባሁም» ስትል ደግሞ ቃሏ ተለዋወጠ ተባለ።

ያንን መዝገብ ይዛ ወደ እኔ የመጣችው አዳማ ውስጥ ነው። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አሥመራ ተወልጄ፣ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አገሬ አዳማ ነው። ትግርኛውን ከአሥመራ ይዤ መጣሁ፣ አማርኛው የእናቴ ነው፣ ኦሮምኛውን ደግሞ የፍራንኮ ሠፈር ልጆች አስተማሩኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ጥገኝነት ለጠየቁ ሴቶች፣ በተለይም ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው፣ በሆስፒታል፣ በጠበቃ ቢሮና በቃለ መጠይቅ ክፍል አስተርጉሜያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሕግ ባለሙያም አይደለሁም። የምጽፈው ሁለት ቋንቋ በማወቃቸው ብቻ «እስቲ ነይ አስተርጉሚላት» ለሚባሉ ጎረቤቶች፣ አከራዮችና የጽዋ ማኅበር እህቶች ነው። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ማንም እንዳትታወቅ ስል የአንዷን ታሪክ ከሌላዋ አቀላቅያለሁ።

አዳማ የስደተኛ ካምፕ የለባትም። ሴቶቹ ወደዚህ የሚመጡት ኪራዩ ከአዲስ አበባ ስለሚቀል፣ ከተማዋም ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ቀጠሮ ሲኖራቸው በማለዳ ሄደው ማታ ለመመለስ ስለሚመቻቸው ነው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለኤርትራውያን ከካምፕ ውጭ መኖር ተፈቅዶ ነበር፤ ኋላም የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመዘዋወርንና የመሥራትን መብት በሰፊው ደነገገ። ከማውቃቸው ሴቶች ጥቂቶቹ በትግራይ የነበሩት የሕጻጽና የሽመልባ ካምፖች በ2013ቱ ጦርነት ሲወድሙ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰደዱ ናቸው። ያ ሁለተኛው ስደት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ሰው አንዴ ደረስኩ ካለ በኋላ እንደገና መሸሽ አቅም ይጨርሳል።

አንድ ነገር መጀመሪያ ስሰማ እንቅልፍ ነስቶኛል። ረጅሙን መንገድ ለመጀመር ያሰቡ ሴቶች ከመነሳታቸው በፊት የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ይወጋሉ። የነገረችኝ ልጅ በወቅቱ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስለ ስንቅና ስለ ጫማ እንደምታወራ ሆና ነው የተናገረችው። «ውኃ ያዝኩ፣ ነጠላ ያዝኩ፣ መርፌዬን ተወጋሁ።» ምን እንደሚጠብቃት አውቃ ነው የወጣችው። እንግዲህ ከኋላዋ ያለው ምን ቢሆን ነው ብላችሁ አስቡ። በአገሯ በኤርትራ ብሔራዊ አገልግሎት በሕግ 18 ወር ነው፤ ከ1990ው ጦርነት ወዲህ ግን ማብቂያ የለውም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ያቋቋመው የኤርትራ አጣሪ ኮሚሽን በ2015 እና በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ሪፖርቶች በውትድርና ማሠልጠኛዎች ውስጥ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት መዝግቧል። ይህን የማነሳው ሴቶቹ ራሳቸው ጉዳዩን እንደ ገበና ስለሚቆጥሩት ነው። «ይህን ለምን እነግራቸዋለሁ? የጠየቁኝ ለምን እንደተሰደድኩ ነው» ይላሉ። የተደፈረችበት ምክንያት ራሱ የጥገኝነቷ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል የሚነግራቸው ሰው ብዙ ጊዜ አያገኙም። ይህን ማስረዳት የጠበቃ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ጀምሮ ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ የኖረ ነው፤ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ሳይሆን በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር እጅግ ይረዳል።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ፤ የእኔ ሥራ እሱ ነውና።

ሴቶቹ «ተደፈርኩ» አይሉም። በስድስት ዓመት ውስጥ ቃሉን በቀጥታ ስትናገር የሰማኋት ሴት በጣት የምትቆጠር ናት። የሚሉት «በዲሎምኒ» ነው፣ በደሉኝ። «ጎዲኦምኒ» ይላሉ፣ ጎዱኝ። «ኣበላሽዮምኒ» ይላሉ፣ አበላሹኝ። ይህን የመጨረሻውን ስሰማ እስከ ዛሬ አንጀቴ ይላወሳል፤ ያበላሹትን ሳይሆን የተበላሸውን ራሷን አድርጋ ትቆጥራለችና። በአማርኛም እኮ ያው ነን፤ «ክብሯን ገፈፏት» እንላለን፣ ክብር ከእሷ ላይ የሚወሰድ ልብስ ይመስል።

በመጀመሪያው ዓመት ከባድ ስህተት ሠራሁ። አንዲት ሴት በቃለ መጠይቅ ክፍል «በዲሎምኒ» አለች። ጠያቂው ወንድ ነበር፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን። አፌ አልታዘዝ አለኝ። «ደበደቡኝ ትላለች» አልኩ። ለእሷ ያዘንኩላት፣ ከኀፍረት የሸፈንኳት መስሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሆስፒታል ለሐኪሟ እውነቱን ስትናገር፣ የሐኪሙ ወረቀትና የቃለ መጠይቁ ቃል ተጋጨ። እኔ የሸፈንኩት የእሷን ኀፍረት አልነበረም፤ የራሴን ነበር። ከጠበቃዋ ጋር ተቀምጠን ማስተካከያ ጻፍን፤ ስህተቱ የተፈጸመው በእኔ አተረጓጎም እንደሆነ በግልጽ ጽፌ በስሜ ፈረምኩ። ሴትዮዋ ይቅር አለችኝ። እኔ ግን ያን ቀን አልረሳውም፣ መርሳትም አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛው፣ ድፍን የሆነውን ቃል ድፍን አድርጌ ነው የማስተላልፈው። «በደሉኝ አለች፤ ይህ ቃል በትግርኛ ድብደባም፣ ግፍም፣ ተገድዶ መደፈርም ሊሆን ይችላል፤ የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ቢጠይቋት» እላለሁ። መተርጎም እንጂ መገመት የእኔ ድርሻ አይደለም። ሁለተኛው፣ ከቀጠሮው በፊት ከሴትዮዋ ጋር አሥራ አምስት ደቂቃ እቀመጣለሁ። ታሪኳን አልጠይቃትም። የምጠይቃት «ያንን ነገር ስትናገሪ በምን ስም ልጥራው?» ብቻ ነው። አንዷ «እታ ለይቲ» አለችኝ፣ ያቺ ሌሊት። ለጠያቂዋ በመጀመሪያ ነገርናት፤ «ያቺ ሌሊት ስትል ተገድዳ የተደፈረችበትን ሌሊት ማለቷ ነው» ተብሎ አንድ ጊዜ ተጻፈ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቃሉን ሳትደግም ተናገረች። በዚያው አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሴት ጠያቂና ሴት አስተርጓሚ ለመጠየቅ እንደምትችል፣ ዕረፍት እንደምትጠይቅ፣ ያልገባትን «አልገባኝም» እንደምትል፣ ያላስታወሰችውንም «አላስታውስም» ማለት ውሸት እንዳልሆነ እነግራታለሁ። ጥያቄው ሲቀርብ ለማስደሰት ብለው የሚገምቱ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ግምቱ ነው ኋላ የሚያጣላቸው።

ቀን ሌላው ጣጣ ነው። ኤርትራ በመንግሥት ሥራ የምትጠቀመው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ከእሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። «በ2014 ወጣሁ» ያለች ሴት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጠየቀች፣ በመዝገቡ ላይ ሰባት ዓመት የት እንደነበረች የማይታወቅ ትሆናለች። የገጠር ሴቶች ደግሞ ቀኑን በበዓል ነው የሚይዙት። «በንግደት ማግስት» ያለችኝ ነበረች። ንግደት በትግርኛ የሠፈሩ ታቦት የሚነግሥበት፣ እንግዳ የሚጠራበት ዓመታዊ በዓል ነው። የጻፈው ሰው «ንግድ» ሰምቶ «ለንግድ ወጥታ ሳለች» ብሎ አሰፈረው። ያገኘሁት መልሼ ሳነብላት ነው። ስለዚህ አጥብቄ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ከመፈረሟ በፊት የተጻፈው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በቋንቋዋ ይነበብላት። «መሽቷል፣ ነገ ይሁን» ቢባል እንኳን ነገ ይሁን፤ ሳይነበብ አትፈርም።

በክፍሉ ውስጥ የምታዩት ፊት እንዳያሳስታችሁ። እንባ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። አንዲት ሴት ስለ ደረሰባት ነገር ስትናገር የነጠላዋን ጥለት ክር እየመዘዘች በጣቷ ላይ ትጠመጥም ነበር፤ ድምፅዋ የገበያ ዋጋ የምትናገር ያህል ደረቅ ነበር። ስትጨርስ የጣቷ ጫፍ ደም አጥቶ ነጭ ሆኗል። ሌላዋ ሳቀች። ደንግጣ የሳቀች ሴት አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለው ጉዳት በትዝታ ላይ የራሱን ሥራ ይሠራል፤ ሽታው፣ የጫማው ድምፅ፣ የአንድ ሰው ሳል ቁልጭ ብሎ ይቀራል፣ ቀኑና ቅደም ተከተሉ ግን ይበታተናል። ስለዚህ ታሪኩን ስትተረጉሙ አታስተካክሉት። መጀመሪያ መጨረሻውን ከተናገረች መጨረሻውን አስቀድሙ። ዝም ካለች ዝም በሉ። ዝምታውን «እያሰበች ነው» ብሎ መሙላት እንኳን የእኛ አይደለም።

ልጇን አታስተርጉሙ። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከአገሬው ልጆች ጋር ትምህርት ቤት እየዋለ አማርኛ የለመደ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም አገኘሁ። ነርሷ «ማኅፀንሽ አካባቢ ሕመም ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትል ልጁ እናቱን ቀና ብሎ አላየም፤ የግድግዳውን ፖስተር እያየ ነበር የሚያወራው። እናቱ ለሁሉም ጥያቄ «ደሓን እየ» ነበር መልሷ፣ ደህና ነኝ። በልጇ አፍ ምን ትበል? ባልም፣ ዘመድም፣ የግቢው ተከራይም እንዲሁ ነው። ከማኅበረሰቡ የሆነ ሰው ካስተረጎመ ወሬው ከቀጠሮው ቀድሞ ሠፈር ይደርሳል ብለው ይፈራሉ፣ ፍርሃታቸውም እውነት አለው። ሰው ከጠፋ በስልክ፣ ከሌላ ከተማ፣ ስሟ ሳይነገር ማስተርጎም ይቻላል። ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ስለ ሕክምናው በአጭሩ ልናገር፤ ሰዓት የሚወስነው ነገር አለና። ጥቃቱ የደረሰው በቅርብ ከሆነ፣ ይህ ደግሞ በመንገድ ብቻ ሳይሆን እዚሁ ከተማችን ውስጥ በአሠሪ፣ በደላላ፣ በአከራይም ይደርሳል፣ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል፤ ከተጀመረም 28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሰጣል። ልብሷን ካወለቀች በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ በፌስታል አይሁን፣ ይሻግታል። ታጥባም ከሆነ ግን «አሁንማ ምን ዋጋ አለው» አትበሏት፤ ሕክምናው ከመታጠቧ ጋር አይያያዝም፣ ትሂድ። በአዳማ ሆስፒታል ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ሕክምናውን፣ ምክሩንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። የምትደበቅበት ላጣች ሴት ደግሞ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዳማ መጠለያ አለው። ፀንሳ ከሆነ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 በመደፈር የመጣን ፅንስ ማቋረጥ እንደሚፈቅድ፣ ለዚህም የራሷ ቃል በቂ እንደሆነ ማወቅ አለባት። ትጠቀምበት ወይም አትጠቀምበት፣ ውሳኔው የእሷ ነው። ሁለቱንም የመረጡ ሴቶች አጅቤያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሥራዬ ከጎን መቀመጥ ነበር።

በሆስፒታል ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሙና ነርሷ እርስ በርሳቸው በኦሮምኛ ሲነጋገሩ የአንዲት ሴት ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስለ እሷ እየተሳለቁ መሰላት። ስለ ጓንት መጠን ነበር የሚያወሩት። «ሲስተር፣ የምትባባሉትን ሁሉ ለእሷ ብተረጉምላት ይከፋችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። «እንዲያውም ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጓንቱም፣ ስለ መብራቱም፣ ስለ ምሳ ሰዓቱም ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ ተንፍሳ ስትረጋጋ ትከሻዋ ሲወርድ ታየኝ።

በሠፈር ደግሞ ቅን ሰዎች ሳያውቁ የሚጎዷት ነገር አለ። «ንስሐ ግቢ፣ ይቅልልሻል» የሚሏት አሉ። አንዷ «እህቴ፣ ኃጢአቱ የእኔም ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ንስሐ ለበዳይ ነው፤ አንቺ ተበዳይ ነሽ አልኳት። ከዚያም ነገሩን የሚያውቁ አንድ አረጋዊ የንስሐ አባት ዘንድ ወሰድኳት፤ እሳቸውም ያንኑ ሲነግሯት ነው ልቧ የተመለሰው። ጸበሉም፣ ጸሎቱም ለብዙዎቹ ትልቅ ድጋፍ ነው፤ ሆስፒታሉን አይተካም፣ ሆስፒታሉም ጸበሉን እንድትተው አይጠይቃትም። ቡና ስታፈሉ ጥሯት፤ ግን «እስቲ ምን ደረሰብሽ?» አትበሏት። ጀበናው ዙሪያ ዝም ብላ መቀመጥ መቻሏ ራሱ ብዙ ነው። ፎቶዋን አታንሱ። ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ብላችሁ ታሪኳን ለሰው አትንገሩ፤ ለዘይትና ለስኳር ስትል የማይመለስ ነገር አትክፈል።

እኔ ከእነሱ ጋር አንድ ውል አለኝ። መንገድ ላይ ብንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልም። በእኛ ባህል ይህ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያወቁትን ሰው አልፎ መሄድ እንደ ኩራት ይቆጠራል። ነገር ግን «ይቺን ሴት ከየት ታውቂያታለሽ?» የሚል ጥያቄ ከአጠገቧ ያለ ሰው ቢያነሳ ምን ትመልሳለች? ስለዚህ እሷ ከፈለገች ትቀድማለች፣ ካልፈለገች እንተላለፋለን። ገበያ ውስጥ በቲማቲም ክምር መካከል ዓይን ለዓይን ተጋጭተን ያለ ቃል የተላለፍኳቸው ሴቶች አሉ። አንድ ጊዜ አብራኝ የነበረች እህቴ «ያቺ ልጅ አየችሽ እኮ» አለችኝ። «አላውቃትም» አልኩ። ለእህቴ መዋሸት አይቀናኝም፤ ይህን ግን ያለማመንታት እዋሻለሁ።

የሚሰማው ነገር በሰሚው ላይም ይቀራል። እኔ ለሦስት ወር ያህል ማታ ማታ በሩን መቆለፌን አራት ጊዜ እየተነሳሁ አረጋግጥ ነበር። አንዲት በሆስፒታል የምትሠራ የሥነ ልቦና አማካሪ በወር አንድ ጊዜ እንድናወራ አደረገች፤ ስም ሳልጠራ ስለ ራሴ ብቻ እናገራለሁ። ይህ ባይኖር ኖሮ ትቼው ነበር።

ያቺ «ባሌ» የተባለባት ሴት ለሦስተኛው ቀጠሮዋ አዲስ አበባ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ከንጋቱ 11 ሰዓት መነኸሪያ ተገናኘን። በወንዶች መካከል መቀመጥ ስለማትችል በመስኮት በኩል አስቀመጥኳት፣ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። በፈጣን መንገዱ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ አንድም ቃል አልተናገረችም። ከጠበቃዋ ጋር ያዘጋጀነውን የማስተካከያ ደብዳቤ በፕላስቲክ አቃፊ ውስጥ አድርጋ ጉልበቷ ላይ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ጠያቂዋ ሴት ነበረች፣ ወጣት፣ ትዕግሥተኛ። የድሮውን ቃል ማንበብ ጀመረች። «ከባለቤትሽ ጋር ድንበሩን እንደተሻገራችሁ...» አለች። እኔ ወደ ትግርኛ ለመመለስ አፌን ስከፍት ሴትዮዋ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። በአዳማ በኖረችባቸው ወራት ከቲማቲም ሻጮች፣ ከባጃጅ ነጂዎችና ከአከራይዋ ልጆች የለቀመችው አማርኛ ነበራት፤ እኔ ፊት ተናግራው ግን አታውቅም።

«ባሌ አይደለም» አለች በአማርኛ። «ሰውዬው ነው።»

ጠያቂዋ እስክሪብቶውን አንስታ «ባለቤቴ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው፣ ከላዩ ጻፈችበት፣ ከኅዳጉም ላይ አስፈረመቻት። ከዚያ «ከመጀመሪያው እንጀምር፣ ሲደክምሽ ንገሪኝ» አለቻት፤ እኔም ተረጎምኩ።